ስንቅና ኬላ፦ የመንገደኛ ገንዘብ ታሪክ በአፍሪካ ቀንድ

ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው በቀድሞው ዘመን ስለ ገንዘብ ከማሰቡ በፊት ስለ ስንቅ ያስብ ነበር። ገብሱ ተቆልቶና ተፈጭቶ በሶ ይሆናል፤ እንጀራው ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ ሥጋው ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሆናል፤ ቆሎውና ዳቦ ቆሎው በአቁማዳ ይሞላል። ስንቅ ማለት ወጪው አስቀድሞ በቤት የተከፈለ ጉዞ ማለት ነው። መንገዱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ስንት ሰውና ስንት አጋሰስ እንደሚከተለው የሚያውቅ ሰው ስንቁን ብዙም ሳይሳሳት ይመጥናል። ሊመጥነው የማይችለው ኬላውን ነው። ኬላ ሌላ ሰው ዋጋ የሚቆርጥበት፣ መንገደኛው የያዘው ገንዘብ የሚናቅበት ወይም የሚመነዘርበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀን የሚባክንበት ሥፍራ ነው። ከምጽዋ ጎንደር፣ ከታጁራ አንኮበር፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ የተጓዙ ሰዎች የጻፉት የወጪ ዝርዝር ሲመረመር ኪስን ያራቆተው የመንገዱ ርዝመት አለመሆኑ ይታያል። ያራቆተው ኬላው ነው፤ በኬላው ደጃፍ የተቆጠረውም ቀን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥንቶቹ መዛግብት የሚቀድመው አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው ያጠናቀረው ነው። ይህ ሰው በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በቃል የነገሩትን የጉዞ መንገድ ሰብስቦ አስቀምጧል፤ ስብስቡንም ክሮፎርድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1958 አሳትሞታል። መነኮሳቱ ከአገራቸው እስከ ኢየሩሳሌም ያለውን ጎዳና የሚለኩት በቀን ነው፤ ከዚህ ከተማ እስከዚያ ወንዝ ይህን ያህል ቀን፣ ከወንዙ እስከ ገዳሙ ይህን ያህል እያሉ። ለእነርሱ የጉዞ ሒሳብ ማለት የቀን ሒሳብ ነበር። ቀኑ ከታወቀ በሶው ይታወቃል።

የንጉሥ ወይም የአገር ገዥ ፈቃድ የያዘ እንግዳ ደግሞ ሌላ ዓይነት ስንቅ ነበረው፤ ድርጎ ይሰፈርለታል። በየደረሰበት ባላገሩ እንጀራውን፣ ጠጁን፣ በጉን ወይም ፍሪዳውን እንዲያቀርብለት ይታዘዛል። የውጭ አገር ተጓዦች በመጽሐፎቻቸው የኢትዮጵያን እንግዳ ተቀባይነት ሲያመሰግኑ ብዙ ገጽ ይፈጃሉ። ከእነርሱ ኪስ ያልወጣው ወጪ ከማን ጎተራ እንደወጣ የጠየቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ድርጎ ለእንግዳው ነፃ ቢሆንም ለገበሬው ግን ያለ ቀጠሮ የሚመጣ ግብር ነበር። እንግዳው በበኩሉ ለገዥው እጅ መንሻ ማቅረብ ነበረበት፤ እጅ መንሻው ባነሰ መጠንም መንገድ የሚያሳልፈው ፈቃድ ይዘገያል።

ከስንቅና ከድርጎ የተረፈው በገንዘብ ይከፈላል። ገንዘቡ ግን የትኛው ነው? ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአሞሌ ጨውን ነገር በሚገርም ጥንቃቄ ጽፎታል። ጨው ከሚቆረጥበት አጠገብ ለአንድ ድራም ወርቅ ከ120 እስከ 130 አሞሌ ይሰጣል። ከዚያ በአንድ ቀን መንገድ ርቀት ባለው ገበያ ቁጥሩ በ5 ወይም በ6 ይቀንሳል፤ እንዲህ ከገበያ ገበያ እየቀነሰ ንጉሡ ሠፈር ሲደርስ ለዚያው ወርቅ የሚከፈለው አሞሌ 6 ወይም 7 ብቻ ነው። ዋጋው ከመንገዱ ጋር የሚያድግ ገንዘብ መሆኑ ነው። ከጨው አገር ወደ ውስጥ ለሚገባ መንገደኛ አሞሌ በየቀኑ ኪሱን ያፋፋለታል፤ ወደ ባሕሩ ለሚመለስ ግን በየገበያው ያከስረዋል። ዝናብ ከመታው ደግሞ ይሟሟል። በእርግጥም አሞሌን ለመሄጃ እንጂ ለመመለሻ ይዞ የተጓዘ ሰው ቢኖር ከነጋዴ አይቆጠርም።

ከ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ የበላይነቱን የያዘው ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ታለር ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ካረፉ በኋላም ገንዘቡ ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደያዘ መመታቱን ቀጠለ፤ ምክንያቱም በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ሕዝብ ሌላ አልቀበል አለ። አንዱ ብር 28 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ለወርቅ ሚዛን ወቄት ሆኖ አገልግሏል። ተቀባዩ በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች በጣቱ እየቆጠረ ይመረምራል፤ ፊቱ የተፋቀውን ወይም የተበሳውን አሻፈረኝ ይላል። ስለዚህ መቶ ብር የቆጠረ መንገደኛ ሁልጊዜ መቶ ብር ነበረው ማለት አይቻልም።

ሌላም ችግር ነበረው፤ ይከብዳል። ሁለት ሺህ ብር 56 ኪሎ ያህል ነው። ይህን የምትሸከም በቅሎ ያስፈልጋል፤ በቅሎዋ የሚነዳት ሰውና ሣር ትሻለች፤ ብር የጫነች በቅሎ መሆኗን አገሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ጠብመንጃ የያዘ ጠባቂ ይጨመራል፤ ጠባቂውም ደመወዝና ቀለብ አለው። ገንዘቡን ለመሸከም ገንዘብ ይወጣ ነበር ማለት ነው። አሥሩን ለመጠበቅ አንዱን መክፈል የዚያን ዘመን መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ለጥቃቅን ግዢ ደግሞ ጠገራ ብር አይመቸም፤ ለአንዲት ዶሮ ሙሉ ብር የሚያወጣ የለምና አሞሌው ከጎን ይጫናል። እንዲህ ሲሆን መንገደኛው ሁለት ዓይነት ገንዘብ፣ ሁለት ዓይነት ጭነት፣ በየገበያው የሚለዋወጥ አንድ ምንዛሪ ይዞ ይጓዛል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ምጽዋ የደረሰው በሴፕቴምበር 1769 ነበር። የምጽዋው ናይብ 300 ወቄት ወርቅ ካልከፈለ እስር ቤት እንደሚጥለው እንደዛተበት ብሩስ ራሱ ጽፏል። ከኦቶማን ሹማምንት የደብዳቤ ጥበቃ ቢኖረውም ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ደጋው መንገድ የጀመረው በኖቬምበር አጋማሽ ነው፤ ጎንደር የገባው ደግሞ በፌብሩዋሪ 1770። ሒሳቡ እንግዲህ ግልጽ ነው። ተራራውንና ሸለቆውን ሁሉ አቋርጦ ጎንደር ለመድረስ ሦስት ወር፣ ከኬላው ደጃፍ ላይ ለመንቀሳቀስ ብቻ ሁለት ወር።

ከመቶ ዓመት በኋላ በዚሁ ጉዳይ የተጻፈ እጅግ የሚያስተክዝ የሒሳብ መዝገብ አለ። ጸሐፊው አርቱር ራምቦ ነው። ፈረንሳዮች በግጥሙ ያመልኩታል፤ የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ግን የሚያውቀው በሒሳቡ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ራምቦ ፒየር ላባቱ ከተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ተሻርኮ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ 2,040 ጠብመንጃና 60,000 ጥይት ለማድረስ ተነሣ። በ1885 መጨረሻ ታጁራ ወረደ። ከታጁራ አንኮበር ያለው የበረሃ መንገድ ጥቂት ወራት የሚፈጅ ነው፤ ራምቦ ግን ከታጁራ የተንቀሳቀሰው በኦክቶበር 1886 ነበር። በመካከሉ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጦር መሣሪያ በዚያ ዳርቻ እንዳይገባ ከለከሉ፤ ፈቃድ እስኪገኝ የጽሕፈት ልውውጥ ሆነ፤ ሸሪኩ ላባቱ ታመመና ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ፤ አብሮት ሊጓዝ ያሰበው ሌላው ፈረንሳዊ ነጋዴ ፖል ሶሌዬም በኤደን ሞተ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተቀጠሩት ሰዎች ይበላሉ፣ የግመል ባለቤቶች ክፍያ ይጠይቃሉ፣ የአካባቢው ሹማምንት የማለፊያ ድርሻቸውን ይጠብቃሉ።

አንኮበር የደረሰው በፌብሩዋሪ 1887 ነው። ንጉሡ እዚያ አልነበሩም፤ ሐረርን ይዘው ወደ እንጦጦ በመመለስ ላይ ነበሩ። ሲገናኙም ዋጋው ወረደ፤ ከወረደው ላይ ደግሞ ሟቹ ላባቱ ነበረበት የተባለው ዕዳ ተቀነሰ። የቀረውን ሐረር ላይ ከደጃዝማች (በኋላ ራስ) መኮንን እንዲቀበል ተጻፈለት። ወሬው ሲሰማ የላባቱ አበዳሪዎች ከየአቅጣጫው ተነሡ፤ ባልቴቲቱም መጡ። ራምቦ በኖቬምበር 1887 ለፈረንሳዩ ምክትል ቆንስል ባቀረበው ዝርዝር ከካፒታሉ 60 ከመቶ መክሰሩን፣ ድካሙም 21 ወር እንደወሰደ አስታውቋል። በዚያው ዓመት ስምንት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ወርቅ በወገቡ ታጥቆ እንደሚዞር ለቤተሰቡ ጽፏል። ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲጽፉ ምኒልክ ብልጥ ነጋዴ ራምቦ ደግሞ የዋህ እንደነበረ አድርገው ያቀርቡታል። የወራቱን ቁጥር ለሚያየው ሰው ግን ኪሳራው የተጠናቀቀው ራምቦ ንጉሡን ከማየቱ በፊት በታጁራ ዳርቻ ነው።

ወደ ደቡብ ያለው መንገድ በመዝገብ የገባው ዘግይቶ ነው። ዛሬ ኢትዮጵያንና ኬንያን የሚለየው ወሰን መነሻ የሆነው ቅየሳ የተካሄደው ከ1902 እስከ 1903 ሲሆን፣ የቅየሳውን ሥራ የሠራው የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ ነበር። የጉዞውን ወጪ የሸፈነው ግን መንግሥት አልነበረም፤ አርቺባልድ ባተር የተባለ አደን ወዳድ ስኮትላንዳዊ ባለጸጋ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነሥተው ቦረናን አቋርጠው ወደ እንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ወረዱ፤ የሞድ መስመር በ1907 ለተፈረመው የወሰን ውል መሠረት ሆነ። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አርብቶ አደሮችን ከሁለት የከፈለ መስመር ከአንድ ሰው የሽርሽር ገንዘብ መሠመሩ ታሪክ ከሚቀልዳቸው ቀልዶች አንዱ ነው። ከመስመሩ ወዲህ ጠገራ ብርና አሞሌ፣ ከመስመሩ ወዲያ የሕንድ ሩፒ ይሠራ ነበር። ሁለቱንም የሚያግባባው ጨርቅ ነበር፤ በወዲህ በኩል አቡጀዲ፣ በወዲያ በኩል «መሪካኒ» የተባለው ያው ከአሜሪካ የመጣ ነጭ ጨርቅ።

በዚህ መንገድ በብዛት የተጓዙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ግን ወጪያቸውን የመተመን ዕድል አልነበራቸውም። ከ1936 በኋላ ከፋሺስት ወረራ ሸሽተው ወደ ኬንያ የተሻገሩት አርበኞችና ቤተሰቦች በኢሲዮሎ፣ በኋላም በታቬታ በተከለሉ የስደተኛ ሠፈሮች ተቀመጡ። የያዙት ገንዘብ ጠገራ ብር፣ ከብትና በአንገት ያለ ጌጥ ነበር። ዛሬ በናይሮቢ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ስለዚህ መንገድ ሲያስብ ከአውቶቡሱ በፊት እነዚያ እግረኞች እንደነበሩ ልብ ቢል መልካም ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ከሁሉ ይልቅ እንግዳ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ በ1919 ለንደን ላይ ተቋቁሞ፣ ሩፒው ቀርቶ፣ ከአጭር የፍሎሪን ሙከራ በኋላ ከ1921 ጀምሮ ሺሊንግ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንጋኒካ ገንዘብ ሆኗል። በ1941 የእንግሊዝ ጦር ጣሊያንን እያባረረ ወደ ሰሜን ሲገሰግስ ሺሊንጉም አብሮት ገሰገሰ። በሶማሊያ፣ በእንግሊዝ ሶማሌላንድ፣ በኤርትራና በኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ሺሊንግ ሕጋዊ ገንዘብ ሆነ። በ1943 አንድ ሰው ከአስመራ ተነሥቶ በአዲስ አበባ፣ በሐርጌሳ፣ በሞቃዲሾ፣ በናይሮቢ፣ በካምፓላና በዳሬሰላም በአንድ ኪስ፣ በአንድ ገንዘብ፣ ያለ አንዲት ምንዛሪ ሊገበያይ ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም አልታየም።

ነገር ግን በዚያ ኪስ ይዞ የሚዞር ሰው ከየት ይመጣል? ጊዜው የጦርነት ነው፤ ቤንዚን በራሽን ይታደላል፤ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ለመሻገር የወታደራዊ አስተዳደሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ምንዛሪው ሲቀር ፈቃዱ በቦታው ቆመ። ሕዝቡም ወረቀቱን አላመነም። ጠገራ ብር በየጓዳው ይደበቅ ነበር። እንግሊዞች ራሳቸው ይህን ስለሚያውቁ ለዘመቻው የሚሆን ጠገራ ብር በ1940 እና በ1941 በቦምቤይ አስመትተዋል፤ ከሱዳን በጎጃም በኩል የገባው የጌዴዎን ጦርም ብሩን በግመል ጭኖ ነው የተጓዘው። አንድ ዓይነት ገንዘብ አንድ አገር እንደማይሠራ የዚህ ዘመን ታሪክ ያሳያል። ሺሊንጉ የአሸናፊ ገንዘብ ነበር፤ ኢትዮጵያም ነፃነቷን ለማጽናት ከገንዘቡ መውጣት ነበረባት።

በጁላይ 1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። አንዱ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሺሊንግ ተተመነ። ወረቀት የማያምነውን ሕዝብ ለማባበል ሃምሳ ሳንቲሙ በአሜሪካ በተመታ ብር ተሠራ፤ ብልህ እርምጃ ነበር። ከሉዓላዊነት አንጻር ይህ ድል መሆኑ አያከራክርም። ከመንገደኛው አንጻር ግን ሞያሌ ላይ ኬላ ተመለሰ። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ ተራው የደቡቦቹ ሆነ። በ1966 ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳና ኬንያ እያንዳንዳቸው ማዕከላዊ ባንክ አቋቁመው የየራሳቸውን ሺሊንግ አወጡ፤ አንድ የነበረው ሦስት ሆነ።

በዚህ ጊዜ መንገደኛው መኪና ነድቶ የሚሄድም ሆኗል። መኪና ይዞ ድንበር መሻገር ከበቅሎ የሚለይበት ነገር አለ፤ በቅሎ ተሸጣ ትቀራለች ብሎ የሚሰጋ ጉምሩክ አልነበረም። መኪና ግን ውድ ሸቀጥ ነው፤ ገብቶ ከቀረ ቀረጥ ቀረ ማለት ነው። መፍትሔው «ካርኔ» የሚባለው የጉምሩክ ደብተር ነበር። የአውቶሞቢል ማኅበራት ይሰጡታል፤ ባለመኪናው ቀረጡን የሚሸፍን መያዣ ያስይዛል፤ በየኬላው ሲገባም ሲወጣም ይታተምለታል። በ1954 ኒውዮርክ ላይ የተፈረመው የግል ተሽከርካሪዎች ጊዜያዊ ማስገቢያ ስምምነት ይህን አሠራር ዓለም አቀፍ አደረገው። በዚህ አካባቢ መያዣ የሚያስይዘው ሰው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ገንዘቡ ለወራት ታስሮ ይቀመጣል፤ የመውጫ ማኅተም ካልተመታ ደግሞ ቀረጡ ይጠየቃል። ስለዚህ ካርኔ ከአውሮፓ እስከ ኬፕታውን ለሚነዱ ቱሪስቶች በር ሲከፍት፣ አንድ የአዲስ አበባ መምህር የራሱን ፊያት ነድቶ ናይሮቢ ዘመድ ለመጠየቅ ቢያስብ በሩ እምብዛም አይከፈትለትም ነበር። በ1964 ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስለተሸጋገረች ሞያሌ ላይ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የመንገድ ጠርዝም ይቀየራል።

በዚያው ጊዜ ከሞያሌ በስተደቡብ ያለው መንገድ ሌላ ወጪ አመጣ። ከ1963 እስከ 1967 በሰሜን ኬንያ የተካሄደውን ጦርነት የኬንያ መንግሥት «የሽፍታ ጦርነት» ብሎ ጠራው። ይህ የአማርኛ ቃል ከድንበር ተሻግሮ የሌላ አገር የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ መቅረቱ የሚያስገርም ነው፤ ቃሉ ቀረጥ አልተከፈለበትም። መንገደኛው ግን ከፍሏል። ጦርነቱ ካበቃ ከብዙ ዓመት በኋላም ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ባለው ምድረ በዳ መኪናዎች በታጠቀ ጠባቂ ታጅበው በጓድ ይጓዙ ነበር። ጓዱ እስኪሞላ የሚጠበቅበት ቀን፣ የሚታደርበት ቤት፣ የሚበላው ምግብ፤ ራምቦን በታጁራ ያከሰረው ወጪ ይኸው ነው።

በ1977 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሲፈርስ ታንዛኒያ ከኬንያ ጋር የሚያዋስናትን ድንበር ዘጋች፤ የተከፈተው በ1983 ነው። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ብር ከ1973 ጀምሮ በ2 ብር ከ07 ሳንቲም አንድ ዶላር ሒሳብ ተቸንክሮ እስከ ኦክቶበር 1992 ቆየ፤ ያን ዕለት 5 ብር ገባ። በወረቀት ላይ ብሩ ጠንካራ ነበር። በጎን ገበያ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሲሆን፣ በባንክ ዋጋ የውጭ ምንዛሪ ማግኘት ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነበር። የአገሩን ብር ይዞ ለመውጣትም ጣራው ለብዙ ዘመን 100 ብር ነበር፤ ይህ ከሞያሌ የአንድ ምሽት ማደሪያ ብዙም አያልፍም።

በዚህ ጭንቅ መካከል አንድ መልካም ሐሳብ ተወለደ። በ1981 በተፈረመ ውል የተቋቋመው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የተመራጭ ንግድ ቀጣና (በኋላ በ1994 ኮሜሳ የሆነው) የራሱ የሒሳብ መለኪያ ነበረው፤ ዩአፕታ ይባላል፤ ዋጋው ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ልዩ የማውጣት መብት ጋር እኩል ነው። በ1988 በዚህ መለኪያ የተጻፈ የመንገደኛ ቼክ ወጣ። አሳቡ ቀላል ነበር፤ የአንዱ አባል አገር ሰው በአገሩ ገንዘብ ቼኩን ይገዛል፣ በሌላው አባል አገር ሆቴሉንና ምግቡን ይከፍልበታል፣ ዶላር በመካከላቸው አይገባም። ለሊቃውንት ጉባኤ ሳይሆን ለተጓዥ ኪስ የታሰበ፣ የአካባቢውን መንግሥታት ጥበብ የሚያሳይ ወረቀት ነበር።

ቼኩ አልዘለቀም። በ1990ዎቹ አብዛኞቹ አገሮች የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥራቸውን አላሉ፤ ኬንያ የቁጥጥር ሕጉን በ1995 ሻረች፤ በየከተማው የምንዛሪ ሱቅ ተከፈተ። ዶላር በየጎዳናው ከተገኘ ማን ዩአፕታ ይፈልጋል? ያ ቼክ የተፈጠረው ለእጥረት ዘመን ነበር፤ እጥረቱ በአብዛኛው ጎረቤት አገር ሲያልፍ እርሱም አለፈ። በኢትዮጵያ ግን እጥረቱ አላለፈም ነበርና ቼኩ በጣም የሚያስፈልገው ተጓዥ መሣሪያውን ያጣው ገና ሳይጠግብበት ነው።

ከዚሁ ቤት የወጣ አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። በዲሴምበር 1986 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ፕሮቶኮል የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን ሥርዓት ተመሠረተ፤ «ቢጫ ካርድ» የሚባለው ነው። ባለመኪናው በአገሩ፣ በአገሩ ገንዘብ ከፍሎ ካርዱን ይወስዳል፤ በሌላው አባል አገር አደጋ ቢያደርስ የተጎዳው ሰው እዚያው ካሳ ያገኛል። በየድንበሩ አዲስ መድን መግዛት ቀረ። (መንገደኞች ከቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ጋር እንዳያምታቱት ይጠንቀቁ፤ ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ ሁለቱም ኬላ ላይ ይጠየቃሉ።) ወጪን አስቀድሞ በቤት ከፍሎ መንገድ መጀመር ከሆነ ቢጫ ካርድ ማለት ዘመናዊ ስንቅ ነው። ቼኩ ሞቶ ካርዱ የኖረበት ምክንያት ምናልባት ይህ ነው፤ ካርዱ ከምንዛሪ ገበያ ጋር አይወዳደርም።

ከአዲስ አበባ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ፣ ሁለቱም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ናቸው። በኬንያ በኩል ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በአፍሪካ ልማት ባንክና በሌሎች ብድር በየክፍሉ አስፋልት ሆኖ በ2010ዎቹ አጋማሽ ተያያዘ። በዝናብ ጊዜ የጭነት መኪና ቀናት ተቀብሮ ይቀርበት የነበረው ጎዳና በአንድ ቀን የሚታለፍ ሆነ። በዲሴምበር 2020 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በሞያሌ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያውን መረቁ፤ የሁለቱ አገር ሹማምንት በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራሉ፤ መንገደኛው ሁለት ጊዜ መሰለፉ ይቀራል ተብሎ የታሰበ ነው። የቀኑ ወጪ በብዙ ወርዷል።

የምንዛሪው ወጪ ግን በሌላ ጊዜ በሌላ መልክ ይመጣል። በጁላይ 29፣ 2024 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ፣ በባንክ 57 እና 58 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። 58,000 ብር ያጠራቀመ ሰው በባንኩ ዋጋ 1,000 ዶላር ያህል ነበረው፤ ዶላሩ 110 ሲደርስ ያው ገንዘብ 530 ዶላር እንኳ አልሞላም። እርግጥ በቀድሞው ዋጋ ዶላር ማግኘት ለተራ ሰው ከባድ ስለነበረ፣ በጎን ገበያ የሚገዛው ሰው እጥፍ ገደማ መክፈል ከጀመረ ቆይቷል፤ ለእርሱ አዋጁ የሚያውቀውን ዋጋ በባንክ ሰሌዳ ላይ ጻፈለት እንጂ አዲስ ነገር አላመጣበትም። ለውጡ ይበልጥ የከበደው በባንክ ዋጋ ተማምነው ወጪ ባሰሉት ላይ ነበር፤ ለሕክምና በሚሄደው፣ ልጁን ለትምህርት በሚልከው። በናይሮቢ በሺሊንግ ደመወዝ የሚያገኘው ኢትዮጵያዊ በአንጻሩ ለሰርግ ወይም ለልቅሶ ወደ አገሩ ሲጓዝ ሺሊንጉ በባንክ በኩል ብዙ ብር ይመነዝርለታል። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ መንገድ ነው፤ ወደ ሰሜን ሲረክስ ወደ ደቡብ ተወደደ። አሞሌውን እዚህ ላይ ያላስታወሰ አንባቢ አይኖርም።

በስልክ የሚላከው ገንዘብም ይህን መስመር ያውቃል። ኤም-ፔሳ በኬንያ በ2007 ተጀመረ፣ ቴሌብር በኢትዮጵያ በ2021፣ ኤም-ፔሳም ራሱ በኢትዮጵያ በ2023። የኤም-ፔሳ ስም በሁለቱም በኩል አንድ ነው፤ በስልኩ ውስጥ ያለው ገንዘብ ግን ከመስመሩ ወዲህ ብር፣ ወዲያ ሺሊንግ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በመኪና የሚወርድ ሰው የሚጽፈው ዝርዝር ከራምቦ ዝርዝር ብዙም የራቀ አይደለም፤ ነዳጅ በግመል ፈንታ፣ ቢጫ ካርድ በእጅ መንሻ ፈንታ፣ ሁለት ዓይነት ገንዘብ እንደ ቀድሞው፣ ላልታሰበ የማደሪያ ቀን ደግሞ ጥቂት ትርፍ። ሞያሌ ሲደርስ ብሩን ይመነዝራል፣ ከመንገዱ ቀኝ ወደ ግራ ይሻገራል፣ ቀኑንና ወሩንም ከመስከረም ወደ ሴፕቴምበር ይለውጣል። ሰዓቱን ግን መቀየር አያስፈልገውም። ስዋሒሊ ተናጋሪውም እንደ አማርኛ ተናጋሪው ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ የናይሮቢው አውቶቡስ «በሁለት ሰዓት ይነሣል» ሲባል በሁለቱም ቋንቋ ያው የጧት ሁለት ሰዓት ነው።